ከፈረሰ ድንበር የተረፉ ዕቃዎች፤ ስለ አጠባበቃቸው የቀረበ ሂስ

በአዲስ አበባ መካከል የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአገር ቋንቋ አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራ፤ በምሕጻር «ኢንቺስ» የሚባል የኢጣሊያ መሥሪያ ቤት ነበረ። እርሱ ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ ትርጓሜውም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ሁለቱ ቃላት በሕዝቡ አፍ ተጋጥመው አንድ ስም ሆኑ። ዛሬ «ካዛንቺስ እሄዳለሁ» የሚል ሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ስም መጥራቱን አያስብም። ከዚህም የሚበልጠውን ነገር፤ ማለት ስሙ በአንድ ወቅት ማን እንዲኖርበት ማንስ እንዳይኖርበት የተወሰነ ሥፍራ ያመለክት እንደ ነበር፤ ፈጽሞ አያስብም።

ድንበር ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በሁለት መንግሥታት መካከል የሚተከለው ምልክት ነው። ነገር ግን በአንድ ከተማ ውስጥ፤ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የሚሠመር ድንበርም አለ። እንዲህ ያለው ድንበር በፈረሰ ጊዜ ሕጉና ጠባቂው ይጠፋሉ፤ ትንንሹ ዕቃ ግን ይቀራል፤ የገንዘብ ወረቀት፤ የቤት ቍልፍ፤ የበር ቍጥር፤ የመንገድ ስም። ሰዎችም ይህን ትራፊ አንሥተው መታሰቢያ ያደርጉታል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው ዕቃው ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም የሚለው ብቻ ሳይሆን፤ ከዕቃው ጋራ ድንበሩም ይታወሳልን የሚለው ነው። በአዲስ አበባ እነዚህን ትራፊዎች የሚጠብቁ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ሱቁ፤ ቤተ መዘክሩና የሕዝቡ አፍ ናቸው። በሦስቱም አጠባበቅ ጕድለት ይገኛል፤ ጕድለታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የድንበሩ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፤ ገዥዎቹ ከተማዪቱን ነጭና ጥቍር ተለያይቶ የሚኖርባት ለማድረግ ዐቀዱ። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት መሐንዲሶች ባዘጋጁት ፕላን ምሥራቁ ወገን ለአውሮፓውያን፤ ምዕራቡ ወገን ደግሞ «ኢንዲጄኖ» ለተባለው ለአገሩ ተወላጅ ተመደበ። በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፤ ማለት የተወላጆች ገበያ፤ ተባለ። የቀድሞው ሥፍራም ፒያሳ ሆነ። ለመንግሥት ሹማምንት የኢንቺስ ቤቶች ሲሠሩ፤ ዝቅ ላለው ኢጣሊያዊ ሠራተኛ ደግሞ «ካዜ ፖፖላሪ» የተባሉት ተሠሩ፤ በቂርቆስ የሚገኘው የፖፖላሬ ሰፈር ስም ከዚህ የመጣ ነው።

ከመሬቱ ድንበር ሌላ የሕግ ድንበርም ነበረ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 880 ሕግ፤ ከተወላጅ ጋራ እንደ ባልና ሚስት ሆኖ የሚኖረውን ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። በሰኔ 1931 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ «የዘርን ክብር» ለማስጠበቅ በሚል ምክንያት ቅጣቱን አሰፋ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 822 ሕግ ደግሞ ኢጣሊያዊው አባት ከተወላጅ የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ይሁን እንጂ ድንበሩ በወረቀት ላይ የነበረውን ያህል በመሬት ላይ አልጸናም። ገንዘብና ጊዜ አነሰ፤ የአርበኞች ተጋድሎ ዕረፍት ነሣ፤ ሕጉ የከለከለውንም ኑሮ ብዙ ኢጣሊያውያን ራሳቸው ይኖሩት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማቸው በተመለሱ ጊዜ የአምስት ዓመቱ ድንበር ፈረሰ። የገበያውና የሰፈሩ አቀማመጥ ግን ከሕጉ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

ከሦስቱ ጠባቂዎች የመጀመሪያው ሱቁ ነው። በቸርችል ጎዳናና በአካባቢው ለአገር ጎብኚ መታሰቢያ ሲሸጡ የኖሩት ሱቆች ከመስቀሉና ከሥዕሉ መካከል የድሮ ገንዘብ ይደረድራሉ። ከድሮ ገንዘብም ሁለቱ ለዚህ ጕዳይ ትልቅ ምስክሮች ናቸው። አንደኛው የኢጣሊያ ሊሬ ነው። የኢጣሊያ ባንክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 እና በ1939 ካሳተማቸው የሊሬ ወረቀቶች አንዳንዶቹ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ ልዩ እትም» የሚል ተጨማሪ ጽሕፈት ታትሞባቸዋል፤ ገንዘቡ በቅኝ ግዛቱ ውስጥ ብቻ እንዲዘዋወር የታሰበ ነበርና። እንግዲህ ይህ ወረቀት ድንበሩን በፊቱ ላይ የተሸከመ ዕቃ ነው። ሱቁ ግን የሚተምነው የወረቀቱን ንጽሕናና ብርቅነት ነው፤ ገዢውም «የጣሊያን ጊዜ ገንዘብ» ተብሎ ይሰጠዋል እንጂ በላዩ የታተመው ጽሕፈት ለምን እንደ ታተመ የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው በሕዝቡ ዘንድ ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። በላዩ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23 ግራም የሚያህለው ንጹሕ ብር ነው። ሕዝቡ የጠላትን ወረቀት ስላላመነ ጠገራውን ይሰውር ነበር። ኢጣሊያም ይህን ጠባይ አስቀድማ በማወቋ በ1935 በአውሮፓ አቈጣጠር ከአውስትሪያ መንግሥት ፈቃድ አግኝታ ያንኑ ብር በሮማ ማሳተም ጀመረች። ስለዚህ በአንድ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ጠገራ ብሮች አንደኛው በአያት ሣጥን ከጠላት የተሰወረ፤ ሁለተኛው ጠላት ራሱ አገሩን ለመያዝ ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል። ለተራ ተመልካች መልካቸው አንድ ነው፤ ታሪካቸው ግን ተቃራኒ ነው። የሚለያቸው ከማን እጅ እንደ ተገኙ የሚናገር ቃል ብቻ ነው፤ ሱቁ የሚጥለው ደግሞ ይህንኑ ቃል ነው።

ሱቁ ቃሉን ሲጥል ክፍት የቀረውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። የኢጣሊያ የሆነውን ሁሉ ወደ አምስቱ ዓመት የመመለስ ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። የቡናው ማሽን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በቆዩት ቡና ቤቶች ውስጥ የሚታየውን ባለ እጄታ ማሽን የወረራው ትራፊ አድርገው የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በከፍተኛ ግፊት ባለ አረፋ ቡና የሚያወጣውን ይህን ዓይነት ማሽን አኪሌ ጋጃ የተባለው ኢጣሊያዊ ለገበያ ያቀረበው በ1948 በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ይኸውም አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የድንበሩ ትራፊ ሳይሆን ድንበሩ ከፈረሰ በኋላ የመጣ ዕቃ ነው። ከነጻነት በኋላ በአገሩ የቀሩት ኢጣሊያውያን መካኒክ፤ ግንበኛና ዳቦ ጋጋሪ እየሆኑ ከሕዝቡ ጋራ ኖረዋል፤ ማሽኑም የሚመሰክረው ለዚህ አብሮ መኖር እንጂ ለመለያየቱ አይደለም። የመለያየቱን ዕቃ ከአብሮ መኖሩ ዕቃ ጋራ አንድ ላይ መደባለቅ ሁለቱንም ታሪክ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጠባቂ ቤተ መዘክሩ ነው። በ1963 በአውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክሩን የያዘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በዚህ ቤት የሕዝቦች ባህል ዕቃዎች የተደረደሩት በሰው የሕይወት ጕዞ ተራ ነው፤ ይኸውም ልጅነት፤ ጕልምስና፤ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ነው። ይህ አደራደር ሊመሰገን ይገባዋል፤ እያንዳንዱን ሕዝብ በየሣጥኑ ለይቶ እንደ ነፍሳት ዝርያ ከሚያሳየው ከአሮጌው ልማድ የራቀ ነውና። ነገር ግን አንድ ደካማ ጎን አለው። የሕይወትን ጕዞ ማንም ሳያግደው እንደሚፈስ ውሃ አድርጎ ያሳያል። ሊሬው ከልደት ወገን ነው ወይስ ከሰርግ ወገን ተብሎ ቢጠየቅ በዚህ ተራ ውስጥ መልስ የሚገኝለት አይመስልም።

ሆኖም ጠለቅ ብሎ ሲታይ መልሱ በራሱ በአደራደሩ ውስጥ አለ። ቍጥር 822 ሕግ የልደት ጕዳይ ነው፤ ልጁን ከአባቱ ስም ያገደ ነውና። ቍጥር 880 ሕግ የጋብቻ ጕዳይ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማው የተፈጸመው ጭፍጨፋ ደግሞ የሞት ጕዳይ ነው። ድንበሩ ከሕይወት ጕዞ ውጭ የቆመ የፖለቲካ ነገር አልነበረም፤ ልደቱን፤ ጋብቻውንና ሞቱን አንድ በአንድ እየቈረጠ ያለፈ ነው። እንግዲህ ከሙሽራዪቱ ቀሚስ አጠገብ ጋብቻን የከለከለው ሕግ ቢቀመጥ የአደራደሩ ሥርዐት አይፈርስም፤ እንዲያውም ይሟላል።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው ግቢ ቆሟል። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበትን ዘመን ለማክበር እያንዳንዱን እርከን ለአንድ ዓመት መድበው የሠሩት፤ ወደ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ የሚያየው የጠላትን ትምክሕት ብቻ ወይም የአገሩን ድል ብቻ ሳይሆን ሁለቱን በአንድነት ነው። በዚህ ጽሑፍ «መልስ ያለው ዕቃ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቢፈርስ ኖሮ ጠላት ምን ብሎ እንደ ነበር ይረሳ ነበር፤ እንዳለ ቢተው ደግሞ የጠላት ቃል ያለ መልስ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ጠባቂ የሕዝቡ አፍ ነው፤ ከሦስቱም ጥበበኛው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ጠላት «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ያለውን ሕዝቡ ሲቀበል «ኢንዲጄኖ» የሚለውን ቃል ጣለና መርካቶ ብቻ አለው። ገበያውን ወሰደ፤ ስድቡን መለሰ። ይህን ያዘዘ ዐዋጅ አልነበረም፤ ምላስ በራሱ የሠራው ሥራ ነው። በካዛንቺስ አጠገብ ደግሞ አዲስ መልስ በድንጋይ ተሠራ፤ ለነጭ ሹማምንት ብቻ ከተለየው ሰፈር ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በአፍሪካ አዳራሽ ነጻ የወጡት የአፍሪካ መንግሥታት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአንድነት ድርጅታቸውን ቻርተር ፈረሙ።

የሜክሲኮ አደባባይ ስምም ከዚሁ ወገን ነው። ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ከተቃወሙትና ኢትዮጵያ በኢጣሊያ ሥር መዋሏን በሕግ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱም በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጐበኙ። በሜክሲኮ ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይ አለ፤ በሥፍራውም በ1980 በአውሮፓ አቈጣጠር የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ «ኤቲዮፒያ» ተብሎ የአንበሳ ራስ ምልክት ተሰጠው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ በአደባባዩ ያለውን ጣቢያ ሜክሲኮ አለው። ስለዚህ በሁለት ሩቅ ከተሞች ሰው በየዕለቱ በባቡር ሲሳፈር፤ ድንበሩን አልቀበልም ያለ ቃል ሳያውቀው ይጠራል።

የሕዝቡ አፍ ጕድለትም «ሳያውቀው» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ሕዝቡ ዕቃውን የሚጠብቀው በመገልገል ነው፤ የሚገለገሉበት ዕቃ አይጠፋም፤ ትርጓሜው ግን ከአገልግሎቱ ጋራ ያልቃል፤ ማረሻው እየሠራ እንደሚያልቅ ማለት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ሰማንያ ዓመት ያህል በጥሩ ጤንነት ኖሯል፤ ያመለከተው ድንበር ግን ከስሙ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል። ሱቁ ዕቃውን ይዞ ቃሉን ይጥላል፤ ቤተ መዘክሩ ዕቃውን ይዞ ሥፍራ ያጣለታል፤ ሕዝቡ ደግሞ ዕቃውን ይዞ ምክንያቱን ይረሳል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህንኑ ያጸናል። የበርሊን ግንብ በኖቬምበር 1989 በአውሮፓ አቈጣጠር ከተከፈተ በኋላ የሲሚንቶው ስብርባሪ በዓለም ሁሉ ተሸጠ። ከግንቡ የተሰበረውን ሲሚንቶ ከማንኛውም ሲሚንቶ የሚለየው ነገር ስለሌለ ሻጮች የምስክር ወረቀት ያያይዙበት ጀመር። ይህ የጠገራው ብር ችግር በሌላ መልክ ነው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የሆነው ግን ይለያል። ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር በ1966 ለነጮች ብቻ ተብሎ ታወጀና ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ተነሡ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። በማፍረሱ ሥራ ላይ ከነበሩት አንዱ የመንገዶቹን ስም የያዙትን ሰሌዳዎች ደብቆ አስቀመጠ። በ1994 መጨረሻ በቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቤተ መዘክር ሲከፈት ሰሌዳዎቹ ተሰቀሉ፤ በወለሉ ላይም የሰፈሩ ካርታ ተዘረጋ፤ የቀድሞ ነዋሪዎች እየመጡ ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ጻፉበት። ሰሌዳው የመንገዱን ስም ተናገረ፤ ሰዎቹ የቀረውን ጨመሩ። የበርሊኑ ስብርባሪ ምስክር ወረቀት ፈለገ፤ የኬፕ ታውኑ ሰሌዳ ግን ምስክር ሰው አገኘ።

ደግሞም የፈረሰ ድንበር ሁሉ ፈርሶ እንደማይቀር መዘንጋት አይገባም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ከሃያ ዓመት መዘጋት በኋላ ሲከፈት ዘመድ ከዘመድ ተገናኘ፤ ገበያም ቆመ። ዓመቱ ሳይሞላ ግን መተላለፊያዎቹ እንደ ገና ተዘጉ። በእነዚያ ወራት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የተሻገረ ናቅፋ ወይም ብር በማን ኪስ ውስጥ ቢገኝ መታሰቢያ ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገሩ ገና አላለቀምና። መታሰቢያ የሚሆነው ዕቃ፤ የድንበሩ ሥልጣን በእውነት ያበቃለት ነው። ስለዚህ ዕቃን መታሰቢያ ብሎ መሰየም ራሱ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ማስረጃ ይሻል።

ይህ ሁሉ ክርክር ለካዛንቺስ የመጽሐፍ ጕዳይ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። መንገድ ይስፋ አይስፋ የሚለው የሌላ ሸንጎ ጕዳይ ነው። ለሕዝቦች ባህል ተመራማሪ ግን አስቸኳዩ ነገር ሌላ ነው። ነዋሪዎቹ ሲሄዱ ይዘዋቸው የሄዱት ዕቃዎች፤ የበሩ ቍልፍ፤ የቤቱን ቍጥር የያዘች ቆርቆሮ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፤ ዛሬ በየአዲሱ ቤት በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። እነዚህ ዕቃዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ድንበር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ በዘር የተለየው ሰፈር፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 ባለቤትነቱ ከተለወጠው ዘመን አልፎ፤ ሀብታሙና ድኃው በአንድ አጥር የተጎራበቱበት ሰፈር ሆኖ ነበር። ያ ጉርብትና ራሱ ለመጀመሪያው ድንበር የተሰጠ ረጅም መልስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ በቤተ መዘክርም ሆነ በተማሪ ደብተር እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመዘገብ ከስሙ፤ ከመጠኑና ከተሠራበት ነገር ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። አንደኛ፤ ዕቃው ከድንበሩ በየትኛው ወገን ነበረ? ሁለተኛ፤ ማንን አሳለፈ ማንንስ አገደ? ሦስተኛ፤ ድንበሩ ሲፈርስ ሰዎች በዕቃው ምን አደረጉበት? የመጀመሪያውን ጥያቄ መዝገብ ሊመልሰው ይችላል፤ ሁለተኛውን ሕግ ሊመልሰው ይችላል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን ዕቃውን የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ለዘለዓለም አይኖርም።

ሊሬው ሊጠብቅ ይችላል፤ ወረቀት ነውና ራሱ ይናገራል። ደረጃውም ድንጋይ ነው፤ አንበሳውም በላዩ አለ። በሩ ፈርሶ የቀረ ቍልፍ ግን ባለቤቱ ካልተናገረለት ከማንኛውም ቍልፍ አይለይም። የካዛንቺስን ቍልፍ የያዙ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አድራሻቸውም አልጠፋም። ሥራው መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው።